ማርቆስ ሐጎስና የሠራተኛው ድምፅ

ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ የአልዌሮ ወንዝ ተገድቦ ሰፊ ሐይቅ ሠርቷል። አልዌሮ በባሮና በጊሎ መካከል እየፈሰሰ የጋምቤላን ረባዳ ሜዳ የሚያጠጣ ወንዝ ነው። ግድቡን ያሠራው የደርግ መንግሥት ሲሆን የቴክኒክ ድጋፉ የመጣው ከሶቪየት ኅብረት ነበር። የታሰበው በውሃው 10,000 ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ አልምቶ በመንግሥት እርሻ ጥጥ ለማምረት ነው። ይሁን እንጂ መስኖው እንደታሰበው ሜዳውን ሳያዳርስ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ።

በዚያ ዘመን አገሪቱን የሚመራው ፓርቲ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ይባል ነበር። በየአደባባዩ መዶሻና ማጭድ ተሰቅሏል፤ ጋዜጣውና ሬዲዮው ላብ አደሩን የአገሪቱ ባለቤት ይለዋል። በአልዌሮ ዓይነት ትልቅ የመንግሥት ሥራ ላይ አፈር የሚዝቀው፣ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ቡልዶዘር የሚነዳው ሰው ግን ደመወዙ ቢያንሰው፣ ወባ ቢጥለው ወይም አለቃው ቢበድለው፣ ራሱ በመረጠው ሰው አፍ «ይህ አይሆንም» የሚልበት ማኅበር አልነበረውም። ማኅበር የሚባል ነገርማ ነበር። ሥራው ግን የሠራተኛውን ቃል ወደ ላይ ማድረስ ሳይሆን የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድ ነበር።

በሠራተኛው ስም የሚገዛ መንግሥት ሠራተኛውን አፍ አልባ ያደረገው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ከአቦቦ ወጥተን፣ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሰን፣ አዲስ አበባ መግባት አለብን። እዚያ የምናገኘው የመጨረሻውን ነፃ የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን መርቶ በ1969 ዓ.ም. ሕይወቱን የከፈለውን ማርቆስ ሐጎስን ነው።

ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ

የኢትዮጵያ ሠራተኛ መደራጀት የጀመረው ሕጉን ጠብቆ አይደለም። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሠራተኞች ድሬዳዋ ላይ ማኅበር ያቋቋሙት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ገና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሳይኖር ነበር። የሥራ ማቆም ሙከራቸውም በኃይል ተበተነ። ቀጥሎ ተራው የወንጂ ሆነ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ መጥቶ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ አጥር ውስጥ ሰበሰበ። አገዳ ቆራጩ፣ ማሽን አንቀሳቃሹና ጸሐፊው በአንድ ፊሽካ እየተነሱ ወደ ሥራ ይገባሉ፤ የአንዱን ኑሮ ሌላው ያያል። ከዚያ ሕዝብ መካከል ነው አብርሃም መኮንን የተባለው የሠራተኛ መሪ የወጣው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሠራተኛ ማኅበር የማቋቋም መብትን በወረቀት ላይ አሰፈረ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ይኸው አብርሃም መኮንን ሆነ። በዚያው ሰሞን የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን በሩን ከፍቶ መንገዱን ያጠበበ ነበር። ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ቢያንስ 50 ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ መደራጀት አይችሉም። ሥራ ማቆም የሚፈቀደው ረጅሙ የእርቅ ሂደት ካለቀ በኋላ ነው። ሕጉ ያልነካቸውም ብዙ ነበሩ፦ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ከሥራ ለተባረረ ሰው በቂ ዋስትና የለም።

ኮንፌዴሬሽኑ በአብርሃም መኮንንና ከእሱ በኋላ በመጣው በበየነ ሰሎሞን አመራር፣ ከምዕራባውያን የሠራተኛ ድርጅቶች በሚያገኘው ሥልጠናና ድጋፍ እየታገዘ ቀስ እያለ አደገ። ወጣት አባላቱና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ለዘብተኛ ነው» እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነቀፋው እውነት ነበረው። ሆኖም በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 80,000 የሚጠጉ አባላት ያሉት፣ ከንጉሡ ቢሮክራሲ ውጭ የቆመ፣ መሪዎቹን በድምፅ የሚመርጥ እንዲህ ያለ ሰፊ ድርጅት በአገሪቱ እምብዛም አልነበረም። ፓርቲ ተከልክሏል፤ ፓርላማው የንጉሡ ነው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እጁን አውጥቶ የሚመርጠው መሪ ቢኖረው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ነበር። ኋላ የመጣው ሁሉ የተነሣው ከዚህ ልምድ ነው።

አራት ቀን የቆመ አገር

በ1966 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገነፈለ። የወሎ ረኀብ ተደብቆ መቆየቱ ታወቀ። በነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ እጦት አምፀው አዛዣቸውን አሰሩ። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን የትምህርት ፖሊሲ ለውጡን ተቃውመው ወጡ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀና እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ባንኩና የከተማው አገልግሎት ቀጥ አለ። የጥያቄው ዝርዝር ረጅም ነበር። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን፣ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ያግኙ፣ የሠራተኛ ሕጉ ይሻሻል፣ ጡረታ ይከበር የሚሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። መንግሥት አብዛኛውን ተቀበለ፤ ከአራት ቀን በኋላም አድማው ቆመ።

ጥያቄዎቹ በሙሉ በተግባር አልተፈጸሙም። ሠራተኛው ግን አንድ ነገር በዓይኑ አይቶ ነበር። እሱ እጁን ሲያነሣ አገር ይቆማል። ለዘመናት «አለቃ ካላዘዘ ምን ይንቀሳቀሳል?» ሲባል ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ወታደሮቹም ይህንኑ አይተዋል።

ከወታደሩ ጋር መጋጨት

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ። ከቀናት በኋላ የተሰበሰበው የኮንፌዴሬሽኑ ጉባኤ ያወጣው ውሳኔ ለአዲሶቹ ገዢዎች እሬት ሆነባቸው። ጉባኤው ሥልጣን በወታደር እጅ እንዳይቆይ፣ የሕዝብ ወገኖች የተወከሉበት ጊዜያዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ። ተማሪውም መምህሩም ያነሡት የነበረው «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» የሚለው ጥያቄ ከተደራጀ ሠራተኛ አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነበር። አገር ማቆም የሚችል ክፍል ነውና። ወዲያው በየነ ሰሎሞንና ፍሥሐ ጽዮን ተኪኤን ጨምሮ የኮንፌዴሬሽኑ መሪዎች ታሰሩ።

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ። ብዙ ሠራተኛ በዚህ ደስ አለው፤ ደስታውም አግባብ ነበር። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ አዲስ እውነት ብቅ አለ። ትናንት የፋብሪካው ባለቤት የሆላንድ ወይም የህንድ ኩባንያ ሳለ፣ ሠራተኛው ሲበደል ለመንግሥት አቤት ይል ነበር። አሁን ባለቤቱም ዳኛውም ፖሊሱም አንድ መንግሥት ሆነ። አቤቱታ ለማን ይቀርባል? ነፃ ማኅበር ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈለገው ንብረቱ የመንግሥት በሆነበት ዕለት ነው። ደርግ ደግሞ በተቃራኒው፣ መንግሥት የሠራተኛው ከሆነ ሠራተኛው በመንግሥት ላይ ማኅበር ለምን ያስፈልገዋል ብሎ ያስብ ነበር። የማርቆስ ሐጎስ ሕይወት የተሰዋው በእነዚህ በሁለቱ አመለካከቶች መካከል ነው።

ማርቆስ ሲመረጥ

በግንቦት 1967 ዓ.ም. ደርግ የኮንፌዴሬሽኑን ጽሕፈት ቤት ዘጋ። ድርጅቱ እንደገና መዋቀር እንዳለበት፣ መሪዎቹም ለኢትዮጵያ ሶሻሊዝም የሚመቹ መሆን እንዳለባቸው አስታወቀ። አሮጌዎቹ መሪዎች ለዘብተኞችና የምዕራባውያን ወዳጆች ናቸው ተብለው ስለነበር፣ አዲስ ምርጫ ቢደረግ ለመንግሥት የሚታዘዙ ሰዎች ይወጣሉ ብሎ ተማምኗል። ምርጫው ተካሄደ። ሊቀ መንበር ሆኖ የወጣው ማርቆስ ሐጎስ ነበር።

ማርቆስ ደርግ ከጠበቀው የተለየ ሰው ነበር። የእሱ ትውልድ የተማሪውን ንቅናቄ ጽሑፍ ያነበበ፣ ስለ መደብ ትግል የተከራከረ፣ ከአሮጌዎቹ መሪዎች ይልቅ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ያም ሆኖ ደርግን በራሱ ቋንቋ፣ በሶሻሊዝም ቋንቋ ይሞግተው ነበር። አብዮቱ የሠራተኛው ከሆነ ሠራተኛው ይናገር፣ ይሰብሰብ፣ ይጻፍ፣ ሥራ ያቁም የሚል ነበር አቋሙ። «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ» ብሎ ማለፍ የማይቻል ተቃዋሚ መጣ ማለት ነው።

በመስከረም 1968 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኮንፌዴሬሽኑ ጉባኤ የመናገርና የመሰብሰብ ነፃነት፣ የሥራ ማቆም መብት፣ የእስረኞች መፈታትና ሕዝባዊ መንግሥት የሚሉ ጥያቄዎችን አነሣ። የውሳኔው ወረቀት በየሥራ ቦታው መታደል ጀመረ። መስከረም 14 ቀን በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀቱን በያዙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱ፤ ሰባት ሠራተኞችም ሞቱ። ገዳዩ ራሱን የሠራተኛው ጠበቃ ብሎ የሰየመ መንግሥት ነበር፤ የሟቾቹ ጥፋት ወረቀት መያዝ ብቻ ነው።

መስከረም 19 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አድማ፣ ሰልፍና ያልተፈቀደ ጽሑፍ ተከለከሉ። ኅዳር ላይ የወጣው አዲሱ የሠራተኛ አዋጅ ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ ለመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር (መኢሠማ) ቦታ አዘጋጀ። በ1955 ዓ.ም. የተወለደው ድርጅት ሕይወቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ኅቡዕ

ማርቆስ ከዚያ በኋላ አደባባይ አልወጣም። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ከአመራር አባላት አንዱ ሆኖ በኅቡዕ ሠራ። ፓርቲው በሠራተኛው መካከል የኢትዮጵያ ላብ አደሮች ማኅበር (ኢላማ) የተባለ የምስጢር ድርጅት ነበረው። በየፋብሪካው ጥቂት ሰዎች ያሉበት ሴል ይቋቋማል። አንዱ ሴል ሌላውን አያውቅም፤ ጽሑፉ በምሳ ዕቃና በጃኬት ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ሰዎች በሐሰት ስም ይጠራሉ፤ ዛሬ ካደሩበት ነገ አያድሩም።

ይህን ኑሮ ለመምረጥ ድፍረት ይጠይቃል። ዋጋውም በሰው ሕይወት ብቻ የሚለካ አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበር ጥንካሬው በአደባባይ መሆኑ ነው። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይመርጣል፣ መሪው ቢያጠፋ በጉባኤ ይጠየቃል። ማኅበር ኅቡዕ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል። ውሳኔ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የማኅበሩ ዕጣም ከፓርቲው ዕጣ ጋር ይታሰራል። ማርቆስን ወደዚያ የገፋው በመጀመሪያ ደረጃ ደርግ ነው፤ በአደባባይ የሚናገርበትን በር ሁሉ ዘግቶበታልና። ቢሆንም ፓርቲው በከተማ የትጥቅ ትግል ሲጀምር፣ የደመወዝና የመብት ጥያቄ የነበረው ሁሉ በጥይት መካከል ገባ። ከዚያ ወዲያ አንድ ተራ የፋብሪካ ሠራተኛ «ደመወዝ አነሰኝ» ቢል «አናርኪስት» ተብሎ ሊጠረጠር ይችል ነበር።

በጥር 1969 ዓ.ም. መኢሠማ በይፋ ተመሠረተ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ በኢሕአፓ ታጣቂዎች ተገደለ። እሱም የሠራተኛ መሪ ነበር፤ ቤተሰብና ጓደኛ ነበረው። ማርቆስን በክብር የሚያነሣ ሰው ይህን ግድያ ሊያልፈው አይገባም። ሰውን በመግደል የሠራተኛውን ድምፅ ማስመለስ አይቻልም፤ ቀሪው ሠራተኛ ከሁለቱም ወገን እንዲሸሽ ማድረግ እንጂ።

ደርግ መልሱን በቀይ ሽብር ሰጠ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታሰሰች። ቀበሌዎችና የፋብሪካ ጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ታደላቸው። በዚያ ሰሞን ከተገደሉት መካከል የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ይገኙበታል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር እናት ነበረች። ድርጊቱ ራሱን ደርግን እንኳ ስላሳፈረው፣ ግድያውን የመራው የቀበሌ ሊቀ መንበር ተከሶ በሞት ተቀጣ። ግድያው ግን አልቆመም። በሚያዝያ ወር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሱ። በሜይ ዴይ ዋዜማም በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተረሸኑ።

ማርቆስ ሐጎስ በዚሁ ዓመት፣ በዚሁ አደን መካከል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀ።

ሜይ ዴይ ከየት እንደመጣ

ሜይ ዴይ ራሱ ስለ ሠራተኛ ሰማዕታት የሚከበር ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ ቺካጎ ሠራተኞች የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን አድማ መቱ። በሄይማርኬት አደባባይ ቦምብ ፈነዳ፤ የወረወረው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሠራተኛ አቀንቃኞች ተከሰሱ። አልበርት ፓርሰንስ፣ ኦገስት ስፓይስ፣ አዶልፍ ፊሸርና ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. ኅዳር 1887 ተሰቀሉ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ሐዋሳ፣ የእነሱና የመሰሎቻቸው ዕዳ አለበት።

የቺካጎዎቹ ሞት ፍሬ ያፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው። እነሱ ቢሞቱም ማኅበራቱ ቀሩ። ጥያቄውን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው አሻገሩት፤ ከዓመታት በኋላ ሕግ ሆነ። በኢትዮጵያ ግን ሰውየውም ማኅበሩም በአንድ ጊዜ ሞቱ። ስለ ማርቆስ ትውልድ ስናዝን ይህን ሁለተኛውን ሞትም መቁጠር አለብን።

ነፃ ማኅበር በሌለበት አገር ግድብ መሥራት

መኢሠማ በቁጥር ከአሮጌው ኮንፌዴሬሽን በጣም በለጠ፤ በ1970ዎቹ አባላቱ ወደ 300,000 ተጠጉ። ዓላማው ተብሎ የተነገረው ግን ሠራተኛው ምርታማነትን እንዲያሳድግና ሶሻሊዝምን እንዲገነባ ማስተማር ነበር። በ1970 ዓ.ም. መንግሥት የማኅበሩን መሪዎች አንስቶ በሌሎች ተካ። መሪውን መንግሥት የሚያነሣውና የሚሾመው ማኅበር ለማን እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

አልዌሮ የተገነባው በዚህ አየር ውስጥ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ወደ 600,000 የሚሆኑ ሰዎችን ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ጋምቤላ አንዱ መዳረሻ ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ ተላኩ። ለመሬቱ ባለቤት ለአኙዋ ሕዝብም ሆነ ከወሎ ተጭኖ ለመጣው ገበሬ «ትስማማላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሚጠይቅ ነፃ ማኅበር ቢኖር ግድቡ ላይሠራ ይችላል ማለቴ አይደለም። ሠራተኛው ወባውን፣ ገበሬው መሬቱን፣ ሰፋሪው ፈቃዱን የሚያነሣበት መድረክ ቢኖር ግን ዕቅዱ ራሱ ይታረም ነበር።

ከደርግ በኋላም ጉዳዩ አላበቃም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በአቦቦ 10,000 ሄክታር ተከራይቶ፣ በአልዌሮ ውሃ ሩዝ ለማምረት ገባ። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች በእርሻው ሠራተኞች ላይ ባደረሱት ጥቃት ቢያንስ አምስት ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሮች በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ በደል መፈጸማቸውን የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ዘገቡ። ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ሞቱ፤ መሬቱ ላይ የኖሩ ሰዎች ተሰቃዩ። ሁለቱም ወገኖች ቅሬታቸውን በአደባባይ የሚያቀርቡበት፣ የሚደመጡበትና የሚደራደሩበት ተቋም ደካማ በሆነበት ቦታ መሣሪያ የያዘ ሰው ለመናገር ይቀድማል።

ዛሬ ምን ይቀረናል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን ጭምር የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ዘርዝሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። የደመወዝ ወለል ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ለአራት ቀናት ፋብሪካ ያስቆመ ጥያቄ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘገየ መልስ ነው ማለት ነው።

ለማርቆስ ሐጎስ የሚገባው ክብር የፓርቲውን ፕሮግራም መድገም አይደለም። ዘመኑ ያለፈበት ብዙ ነገር አለው፤ ስሕተትም አለበት። የሚገባው ክብር ማንኛውንም የሠራተኛ ማኅበር በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ነው። መሪውን ማን ይመርጠዋል? ማን ያወርደዋል? ሥልጣን ላይ ላለው ሰው፣ ያ ሰው ወዳጅ ነኝ ቢልም እንኳ፣ «አይሆንም» ማለት ይችላል? ማርቆስ ሦስተኛውን ጥያቄ «አዎ» ብሎ መለሰ። ለጊዜው ዝም ቢል ኖሮ በደርግ ዘመን ሹመትና መኪና ያገኝ ነበር። ሞቶ የተወልን አደራ ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው መሪውን ራሱ ይምረጥ፤ የተመረጠውም ሰው ለመናገር ሲል መሞት የማያስፈልገው አገር ትኑረን።